አሸዋ ላይ የቆመችው የሸሪፍ ጀልባ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለሴቬሮ ካንቱ፤

አባባ፣ እንዴት ኖት? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? በረዶ ቤት ውስጥ ቆመው ሲውሉ የሚጠዘጥዝዎት ቀኝ እጅዎ ሻል አለው? አላስካ ውስጥ በዚህ ወራት ፀሐይ አትጠልቅም ብለው በስልክ ነግረዋት፣ እማማ «ታዲያ መቼ ነው የሚተኛው?» እያለች ስትጨነቅ ነው የከረመችው። እንቅልፍስ አለ? ምግቡስ? ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲዘነጥሉ ውለው ለራት ደሞ ዓሣ ያቀርቡላችኋል አሉ፤ እውነት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ ከእርሶ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ። ቆይ፣ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

እጄ ለጽሑፍ እንደማይረባ ያውቃሉ። እህቴ ዳሊላ «በስልክ ንገረው፣ ምን ያለፋሃል» ብላኝ ነበር። ይሄን ነገር በስልክ ብነግርዎት ግን ግማሹን አያምኑኝም፣ ግማሹን ደሞ መስመሩ ይበላዋል። ስለዚህ ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ እየሰረዝኩ እየደለዝኩ ጻፍኩት።

የሄዱ ለት አውቶቡሱ በር ላይ ቆመው ያሉኝን መቼም አልረሱትም። «እስከ ጁላይ መጨረሻ ሁነኛ ሥራ ካልያዝክ ሻንጣህን አንጠልጥለህ እኔ ጋ ትመጣና ዓሣ ትዘነጥላለህ» ነበር ያሉኝ። የፖሊስነቱን ፈተና ሁለቴ መውደቄን አስበው ነው፤ አልፈርድብዎትም። የአውራጃችን ፖሊስ አለቃ የሸሪፉ ግቢ ውስጥ መኪና ማጠብና ዘይት መቀየር ሥራ ነው ብዬ ብከራከር «እሱ የልጅ ሥራ ነው» አሉኝ። እማማ ሻንጣውን አጥባ በረንዳው ላይ አስጥታው ነበር። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር አፉን ከፍቶ ያየኛል።

አሁን ወደ ጀልባዋ ልምጣ። ያስታውሷታል አይደል፣ ያቺ ፌደራል መንግሥት ለድንበር ጥበቃ ብሎ ለየአውራጃው ከሚያድለው ገንዘብ አምና የተገዛችው ነጭ ጀልባ። የገንዘቡ ሕግ ቀላል ነው፤ በሱ የተገዛ ዕቃ ለድንበር ሥራ ብቻ ይውላል፣ የወጣበት ቀን ሁሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ቆሞ ከተገኘ ደሞ ተነጥቆ ለሚሠራበት ይሰጣል። የኛን ሰዎች ደሞ ያውቋቸዋል። ሸሪፍ ባልታሳርም፣ ምክትላቸው ኦክታቪያኖም፣ ሌሎቹ ፖሊሶችም ፈረስ ላይ ያደጉ የከብት ሰዎች ናቸው። ውሃ ከጉልበታቸው ካለፈ ቅዱሳንን በየስማቸው መጥራት ይጀምራሉ። ስለዚህ ጀልባዋ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ወንዝ አላየችም። ያየችው ሰልፍ ነው። በነጻነት ቀን፣ በገና፣ በከብት ትርኢቱ ተጎታች ላይ ተጭና በዋናው መንገድ ታልፋለች፤ የዓመቱ ቆንጆ ተብላ የተመረጠችው ልጅ እላይዋ ተቀምጣ ሕዝቡ ላይ ከረሜላ ትበትናለች። እኔ ብቻ ነኝ በየሳምንቱ ከሞተሯ ሥር የውሃ በርሜል አስጠግቼ የማስነሳት። እኔ ባልኖር እስካሁን ዝጋ ነበር። እዚያ ቢሮ ውስጥ ያለኔ ምን የሚንቀሳቀስ ነገር አለ?

ታዲያ ያለፈው ወር መጨረሻ ላይ፣ ማክሰኞ ከዋሽንግተን ተቆጣጣሪ ትመጣለች ተባለ። የጎረቤት አውራጃ ሸሪፍ ጀልባችንን የሚያስገባበት መጋዘን አስለክቷል የሚል ወሬም ተከትሎ መጣ። ሸሪፍ ባልታሳር ምሳ መብላት አቆሙ። እኔ ደሞ በልቤ፣ አንድ ቀን ያቺን ጀልባ የምይዘው እኔ ነኝ ብዬ ነበር ያን ሁሉ መኪና የማጥበው። እሷ ከሄደች የሚቀረኝ ሻንጣው ነው።

ኦክታቪያኖ ሴትዮዋን ለጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጠራት። ሰምቼ ሮጥኩ። «ምክትል፣ ማክሰኞ እኮ ግድቡን ለመስኖ ነው የሚከፍቱት። ውሃው እኛ ጋ የሚደርሰው አራት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በፊት መሀሉ አሸዋ ነው» አልኩት። «አንተ መኪናህን እጠብ። ወንዝ ወንዝ ነው» አለኝ።

ወይዘሮ ኦስትቢ ትባላለች። አጭር፣ ሽበታም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። መጀመሪያ መዝገቡን ጠየቀች። ኦክታቪያኖ ደሞ ጀልባዋ በወጣች ቁጥር መጻፍ አለበት ስለተባለ፣ አንድ ሳያስቀር በታማኝነት ጽፎታል። ቆማ አነበበችው፤ ጁላይ አራት፣ ቅኝት፣ ዋናው መንገድ። ገለጠች፤ ዲሴምበር ሃያ ሦስት፣ ቅኝት፣ ዋናው መንገድ። መነጽሯን አውልቃ አየችው።

«ዋናው መንገድ ላይ ውሃ አለ?»

«ሲዘንብ አለ» አላት።

አባባ፣ እኔ ከመኪና ጀርባ ሄጄ ነው የሳቅኩት። ሸሪፉ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያሹት ጀመር። ሴትዮዋ የጀልባዋን የወንበር ክዳን ብታነሳው አንድ ቁና የሚያህል ከረሜላ ቁጭ ብሏል። ክዳኑን መልሳ ዘጋችው። ወደ ወንዙ ብቻ ጠቆመች።

ኦክታቪያኖ አሳፍሯት ወጣ። እኔና ሸሪፉ ዳር ቀረን። ጥሩ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ጀልባም የሚነዳ ይመስለዋል መሰለኝ፣ ጉልበቱን ሰጥቶ ወደ መሀል አስፈነጠራት፤ ወዲያው ሽው ብላ አሸዋው ላይ ወጥታ ቁጭ አለች። እሱ ጭራሽ ነዳጅ ጨመረ። ጭቃው ተነስቶ የሴትዮዋን ነጭ ሸሚዝ ነብር አስመሰለው። ያኔ ነው ከወዲያ ማዶ፣ ከሜክሲኮው ዳር፣ መንጠቆ ጥለው የተቀመጡት ወዳጅዎ ዶን ካሲሚሮ የተነሱት። «ባልታሳር፣ ምነው ሣር በሌለበት አሰማራሃት?» ብለው ጮኹ። ሴትዮዋ ምን አሉ ብላ ጠየቀች። ኦክታቪያኖ ሰላም እያሉን ነው አላት።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውሃው ጭኔ ጋ እንኳ አልደረሰም። ኦክታቪያኖን ሞተሩን ሳታቃጥለው አጥፋ አልኩትና ሞተሩን ወደ ላይ አዘንብዬ ከአሸዋው አወጣሁት። ሽማግሌው ያሉትን ለሴትዮዋ እንዳለ ተረጎምኩላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁ። ከዚያ እርሶ ያሳዩኝን ሸምበቆ አሳየኋት። «እሜቴ፣ ያ አገዳው ላይ ያለው ነጭ መስመር ይታይዎታል? አራት ተኩል ላይ ውሃው እዚያ ይደርሳል። ምንም ማድረግ የለብንም፤ ቁጭ ማለት ብቻ ነው» አልኳት። ሰዓቷን አየች። ሃምሳ ደቂቃ ይቀራል። ከረሜላውን ይዘን ጀልባዋ ላይ ቁጭ አልን። የወይን ጣዕም ያለውን መረጠች፣ ምላሷ ወይን ጠጅ ቀለም ያዘ። የልጅ ልጆቿን ስም ሁሉ አውቃለሁ አሁን።

ፈርተህ ነበር ወይ ካሉኝ፣ አልፈራሁም። ግን አራት ተኩል ሲሆን ውሃው አልመጣም። ኦክታቪያኖ አየኝ። ሸሪፉ ከዳር አዩኝ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሻንጣው ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። እሺ፣ ትንሽ ፈርቼ ነበር። በአምስተኛው ደቂቃ ከላይ ያለው ሸምበቆ መወዛወዝ ጀመረ፤ ጀልባዋ ከሥራችን ቀስ ብላ ተነሳች።

ሴትዮዋ ማን ይነዳታል አለች። ሕጉ ቃለ መሐላ የፈጸመ ፖሊስ ብቻ ይላል። ኦክታቪያኖ የጀልባዋን መደገፊያ ብረት በሁለት እጁ እንደያዘ አልለቀቀም። እሷው ወረቀቷን አገላብጣ፣ ከጥገና በኋላ ለሙከራ ከሆነ መካኒክም መንዳት ይችላል የሚል አገኘች። «ሞተሩ አሸዋ ገብቶበታል፤ ሙከራ ያስፈልገዋል» አልኳት። «እኔም የመሰለኝ እንደሱ ነው» አለችኝ።

አባባ፣ ቢያዩኝ ኖሮ። በጠባቡ መተላለፊያ አልፌ፣ የወደቀውን ዛፍ ዞሬ፣ እርሶ አምባዛ ያወጡበት የነበረው ጥልቅ ውሃ ድረስ ወስጄ፣ አንዴም አሸዋ ሳላስነካ መለስኳት። ሳልፍ ዶን ካሲሚሮ ኮፍያቸውን አነሱልኝ፤ «የሴቬሮ ልጅ፣ አባትህ ካስተማረህ ግማሹን ይዘሃል ማለት ነው» አሉ። ከሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ዳር ስንደርስ ሴትዮዋ ለሸሪፉ ፍርዷን ነገረቻቸው። ጀልባዋ ለስድስት ወር እኛው ጋ ትቆያለች። በሳምንት አራት ቀን ወንዝ ላይ ትውጣ፣ ሰልፍ የሚባል ነገር ይቅር፣ ፖሊሶቹ ደሞ ሠልጥነው ይንዷት፤ ለሥልጠናው ያው ገንዘብ ይከፍላል። አስተማሪ አላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔ እንዳላየ ሰማይ ሰማይ አየሁ።

ካለፈው ሰኞ ጀምሮ የሰባት ፖሊስ አስተማሪ ነኝ። ኦክታቪያኖ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ደረቅ መሬት ላይ ሆኖ እስከ አገጩ ቆልፎ ይመጣል፤ መምህር እያለ ነው የሚጠራኝ። መኪናህን እጠብ ያለኝን አላነሳሁበትም። አንዴ ብቻ አነሳሁበት። ከሰዓት በኋላ ደሞ እሱ የፈተናውን መጽሐፍ እያነበበ ያስጠናኛል፤ በኦክቶበር ሦስተኛዬን እፈተናለሁ፣ አሁን አልወድቅም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሥልጠናውን ለማስፈቀድ የሚሞላ ቅጽ መጣ። አስተማሪው ሙያውን ከማን ተማረ የሚል መስመር አለበት። ሸሪፉ የሆነ ትምህርት ቤት ስም እንፈልግ አሉ። እኔ መቼም፣ ያውቁኛል፣ ለሰው ሁሉ ራሴን በራሴ አስተማርኩ እያልኩ ነበር የከረምኩት። ግን እስክሪብቶውን ተቀብያቸው «ከሴቬሮ ካንቱ፣ እዚሁ ወንዝ ላይ፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ» ብዬ ጻፍኩ። ዋሽንግተን ደርሶ፣ ሥልጠናው ሳይጀመር አርብ ለት፣ ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ። እርሶ ይሄ ወንዝ ከእንግዲህ ሰው አያበላም ብለው መንጠቆዎን ለሰው አድለው ነው የሄዱት። ስምዎ ግን መንግሥት ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ በታች ሁለተኛ አስተማሪ የሚል መስመር አለ። እሱን ባዶውን ተውኩት።

እማማ በጣም ሰላም ትልዎታለች፤ ሻንጣው ውስጥ ዶሮዋ እንቁላል ጥላበት ስለታቀፈችው አይነካም ብላለች። ዳሊላ ጉንጭዎን ትስማለች። ዶን ካሲሚሮ ከማዶ ሰላም ብለዋል፤ መንጠቆዎ እሳቸው ጋ ነው፣ ሲመጡ ይመልሳሉ። አብረውዎት ለሚያድሩት ለነዚያ ለሦስቱ ወንድማማቾችም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እጅዎን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

ልጅዎ መምህር ኔሜሲዮ ካንቱ

ፓሎ ብላንኮ፣ ቴክሳስ
ጁላይ 21 ቀን 2018