አንድ ሰው ስንት ሙቀት አለው

ለታላቄ፣ ለእታለም፤

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ? ያ ክፉ ሳልስ ለቀቀሽ? ባልሽስ እንዴት ነው፤ የመኪናውን ጎማ ለወጠ ወይስ አሁንም በጸሎት ነው የሚነዳው? ልጆቹስ? አባባስ እህል መቅመስ ጀመረ? እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «እውነት ደህና ነህ ወይስ እንዳንጨነቅ ብለህ ነው?» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ሩቅ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው ነገር ነው፤ መልሱ ግን ለስልክ አይመችም። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

ባልሽ ያን ሁሉ ተምሬ ማቀዝቀዣ እንደምሸጥ እያወራ ይስቅብኛል አሉ። ንገሪው፣ እኔ አልሸጥም፤ ሙቀት ነው የምቆጥረው። አንድ ሰው ለክፍሉ ማቀዝቀዣ ሲፈልግ ሜትሬን ይዤ እሄዳለሁ። ግድግዳውን፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታውን መስኮት፣ አምፖሉን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ሁሉንም እመዘግባለሁ። አንዱ ፋብሪካ ሙቀትን በቢቲዩ ይጽፋል፣ ሌላው በኪሎዋት፤ እኔ ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ፣ ወደ ቶን አመጣዋለሁ። ድሮ ቤት የሚቀዘቅዘው በበረዶ ነበር አሉ። አንድ ቶን በረዶ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለመቅለጥ የሚወስደው ሙቀት ነው እንግዲህ አንድ ቶን ማቀዝቀዣ የተባለው፤ በሰዓት አሥራ ሁለት ሺህ ቢቲዩ፣ ወይም ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ።

ሰውም ይቆጠራል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ከአንድ ትልቅ አምፖል የማያንስ ሙቀት ያወጣል። ይህን የተማርኩ ዕለት ደንቆኝ ለእማማ ደውዬ ነገርኳት። ለካ ቤቱ የበረደኝ አንተ ሄደህ ነው ብላ ሳቀች።

ባለፈው ሳምንት ወደ አንድ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ቤት ተላክሁ። ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮቷ ወደ ምዕራብ ነው፣ የስፌት መኪናቸው በአንሶላ ተሸፍኗል። እዚህ የሚኖረው ስንት ሰው ነው አልኳቸው። ሁለት ነን አሉኝ። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ነጥብ ስድስት ኪሎዋት መጣ፤ ወደ ቶን ስቀይረው ከአንድ ቶን ትንሽ አለፈ። በእኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከአንድ ካለፈ የአንድ ተኩሉ ማሽን ነው የሚታዘዘው።

አለቃዬ ተቆጥተው ስለማያውቁ «በረዶው» እንላቸዋለን። ወረቀቱን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው የሰውዬው ሚስት አምና እንዳረፉ፣ እሳቸውም ቀብሩ ላይ እንደነበሩ ነገሩኝ። ትልቁን ማሽን ብንተክል ደግሞ ቶሎ አቀዝቅዞ ይቆማል፣ እርጥበቱን ሳያወጣ፤ የሽማግሌው ደረት አይችለውም። እንደገና አስበውና አስፈርማቸው አሉኝ። አንድ ሰው ሳወጣ ከአንድ ቶን ለጥቂት ወረደ።

እግሬን እየጎተትኩ ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አሮጌውንና አዲሱን ቁጥር አስተያዩና ጣታቸውን ልዩነቱ ላይ አሳርፈው፣

«እሷ ስትወጣ ከዚህ ቤት የጎደለው ይቺው ናት?» አሉኝ።

በሒሳቡ አዎ አልኳቸው። ለማሽኑ ይሁንለት፣ እኔ ግን ሁለት ነን ስልህ አልዋሸሁህም አሉና ፈረሙ። እስከ በር ሲሸኙኝ ልጃቸው ቤቱን ዘግተው እሱ ጋ እንዲገቡ ነጋ ጠባ እንደሚወተውታቸው አነሱልኝ።

«ብቻህን ነህ ይለኛል። እኔ እኮ ብቻዬን የምሆነው እሱ ቤት የሄድኩ ዕለት ነው።»

እታለም፣ ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ አባባ ጋ ነው። እኔና አንቺ በስልክ ጨርሰናል፤ በወሩ መጨረሻ ባልሽ በመኪናው ወደ እናንተ ቤት ያመጣዋል፣ ቤቱም ይከራያል። እንዲያውም ዛሬ ነገ አትበሉ እያልኩ ያጣደፍኳችሁ እኔ ነኝ። የምትደክሚው አንቺ መሆንሽን መች አጣሁት? ምድጃ ለኩሶ እንደሚረሳ፣ የወሰድሽለት ምግብ ሳይነካ እንደሚያድር ነግረሽኛል። ከሩቅ ሆኖ መምከር ቀላል ነው። ግን እስካሁን ትሄዳለህ ብለን ነገርነው እንጂ ትሄዳለህ ወይ ብለን አልጠየቅነውም።

ስለ ራሴም ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሆነና ለእማማ ቀብር አልደረስኩም። ለኔ እማማ እስካሁን እዚያ ቤት ውስጥ ናት፤ ስደውል ስልኩን የምታነሳው እየመሰለኝ ጥቂት እጠብቃለሁ። ቤቱ የተዘጋ ዕለት ነው ለኔ የምትሞተው። ደህና ነህ ወይ ላልሽኝ መልሱ ይሄ ነው።

አባባ መቅረት ከፈለገ እኔ ልምጣ። የሙያ ፈቃድ ፈተናው ቀርቧል፤ ካለፍኩ እዚያው ከእሱ ጋ ሆኜ እሠራለሁ። ማቀዝቀዣ የሚፈልግ አይጠፋም፤ እናንተስ ጋ ሙቀት መች ጠፋ? አሁንም ተጣደፈ እንዳትይኝ፣ ይሄን አስቤበታለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ጎማውን አደራ። ትልቋን ሳሚልኝ፤ ሒሳብ እንዳትፈራ። ቀበጧን ሁለቴ ሳሚልኝ። ለአባባ ምግብ የሚያቀብሉትን ጎረቤታችንን እጅ ነስቷል በያቸው። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ።

መኪናው ከመነሳቱ በፊት ሂጂና አባባን ጠይቂው። ያለሽን ሳታሳምሪ፣ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። እሄዳለሁ ካለም ጻፊልኝ፤ እቀበላለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ጥድፊያው

ከገበያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ሚያዝያ 11 ቀን