ሦስተኛው ሌማ የኔ ነው

መርሳ
ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሚስባህ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታ የአላህ ሐቅ ስለሆነ ነው ያስቀደምኩት፤ ከዚህ በታች ያለው የኔ ነው። በስልክ ስንነጋገር ታቋርጠኛለህ፣ በቴሌግራም ብጽፍልህ የልብ ምስል ልከህ ታልፈዋለህ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ቅዳሜ አባትህ ከግራና መጥተው ነበር። የላክህላቸውን የዶክትሬት ጽሑፍህን እዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመው፣ እንዳይቆሽሽ በፌስታል ጠቅልለው ይዘውታል። እንግሊዝኛ እንደማያነቡ ታውቃለህ። ገና እንደተቀመጡ ወረቀቱን ሰጡኝና «የሱን ስም አሳይተውኛል። ያንቺ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

ለኔ አልላክህልኝምና እኔም ያየሁት ያኔ ነው። ገጹን እየገለጥኩ ፈለግኩላቸው። ሦስተኛውን ሌማ፣ ለዋናው ቲዎረም መወጣጫ የሚሆነውን፣ አገኘሁት፤ ማረጋገጫው ከነአካሄዱ፣ የመረጥኳቸው ፊደላት ሳይቀሩ፣ ከደብተሬ ፎቶ አንስቼ እንደላክሁልህ ተቀምጧል። ስሜን ግን አጣሁት። መጨረሻው ገጽ ላይ አንዱን መስመር ደጋግሜ አነበብኩ።

«ምን ይላል?» አሉ።

«ባለቤቴን ስለ ትዕግሥቷ አመሰግናለሁ ይላል፣ አባባ።»

«ትዕግሥት?» ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉት። «እኔ ቤት ተቀምጠሽ ያን ሁሉ ደብተር የሞላሽው በትዕግሥት ነው እንዴ?»

እሳቸው አይተዋል። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ኔትዎርክ ጠፍቶ በከረመ ጊዜ ግራና ሆኜ እናትህን ሳስታምም፣ ልጃችን ዘይነባን እንቅልፍ ሲወስዳት እጽፍ ነበር። ደብተር ሲያልቅብኝ መርሳ ድረስ ሄደው የገዙልኝ አባትህ ናቸው። ሁለታችንም የዶክትሬት ትምህርት ዕድሉን አግኝተን፣ እናትህ ስለታመሙ አንዳችን መቅረት ነበረብን። «አንድ ዓመት ብቻ ታገሺኝ፣ ከዚያ ተራው ያንቺ ነው» ብለኸኝ ሄድክ። አራት ዓመት ሆነ። እናትህን በእጄ ገንዤ ያስቀበርኩት እኔ ነኝ። ያን ሳደርግ ምስጋና አልጠበቅሁም፣ ዛሬም አልጠይቅህም። ሌማው ግን ሌላ ነው።

አባትህ «ለመሆኑ ነገሩ ምንድነው?» ብለው ጠየቁኝ። አንተ ነግረሃቸው አታውቅም። ሲምፕሊሻል ፕሪሺፍ የሚባለውን ስም ትቼ ነገሩን አስረዳኋቸው። በየቦታው አንድ አንድ ቅርጽ አለ፤ የሰፊው ቦታ ቅርጽ ሲጠብ የትንሹን ይሰጣል። ጥያቄው፣ ከየቦታው የያዝነውን ብንገጥመው አንድ ሙሉ ነገር ይወጣዋል ወይ ነው። ቁርጥራጮቹ በሚገናኙበት ላይ እኩል መሆን የለባቸውም፤ አንዱ ሳይቀደድ ወደ ሌላው መለወጥ ከቻለ ይበቃል። ግን ለውጦቹም እርስ በርስ መስማማት አለባቸው፣ የለውጦቹ ለውጦችም እንደዚሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ይገባኛል። ጠቡ ያለው ድንበሩ ላይ ነው» አሉ። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስንማር ማንም እንዲህ አጥርቶ አልነገረንም።

እሑድ ደወልኩልህ። ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ፈይሩዝ፣ ስምሽን ባስገባ ለኮሚቴው ማስረዳት ይከብደኛል። አንቺ የትም አልተመዘገብሽም። ደግሞ ያንቺ የኔ ምን አለው?» አልከኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ያንቺ የኔ ከሌለው፣ ለምን ሁሉም ያንተ ሆነ?

ሰኞ ለፕሮፌሰርህ ልጽፍ ወሰንኩ። የደብተሩን ፎቶ ከነቀኑ አያይዤ፣ ማረጋገጫውን ከመጀመሪያው በንጹሕ ገልብጬ ልልክለት። መምህራን ክፍል ተቀምጬ መስመር በመስመር ስጽፍ፣ ሦስተኛው ሌማ ላይ እጄ ቆመ።

ስህተት ነው፣ ሚስባህ።

ፊዚክስ የሚያስተምረው ገዛኸኝ አጠገቤ ነበር። «ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ ልክ አይደለም» አለኝ። መስመሩን በጣቴ አሳየሁት። ሙሉውን ቦታ የሚሸፍኑት ክፍሎች እርስ በርስ የሚገናኙበትን ብቻ አይቼ ሙሉው ተገጠመ ብዬ ነበር። መገናኛዎቹ ራሳቸው እንደገና በሌላ ሊሸፈኑ ይችላሉ፤ የእነዚያም መገናኛዎች እንደገና፣ ማለቂያ በሌለው ደረጃ። ለተራ ሽፋን የጻፍኩት ልክ ነው። ለእንዲህ ያለው ድርብርብ ሽፋን፣ ለሃይፐርከቨር፣ ግን አይሠራም፤ የሚያፈርሰው ምሳሌም አለኝ። አንተ ደግሞ ዋናውን ቲዎረምህን ያቆምከው እሱ ላይ ነው። ከኔ ስትወስድ አንድ ጊዜ እንኳ ልክ ነው ወይ ብለህ አልፈተሽከውም።

ዲፌንስህ የካቲት ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ። አልዋሽህም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ልልህ አስቤ ነበር። ኮሚቴው ፊት ቆመህ አንዱ ሰው እጁን ሲያነሣ በዓይነ ኅሊናዬ አየሁህ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ነው ያስፈራኝ።

ትላንት ግራና ሄጄ ለአባትህ ነገርኳቸው።

«የማን ስህተት ነው?»

«የኔ።»

«እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ተነሥተው ከብቶቹን አጠጡ። «ልጄን አትርፊልኝ አልልሽም» አሉ ሲመለሱ። «አፌም አይደፍርም። ግን እኔ የገዛሁልሽ ደብተር ላይ ውሸት ተጽፎ እንዳይቀር።»

ስለዚህ ከዚህ ጋር አራት ገጽ አያይዣለሁ። ሁለቱ የሚያፈርሰው ምሳሌ ነው። ሁለቱ ማስተካከያው፤ ሆሞቶፒ ግሩፖቻቸው ከአንድ የተወሰነ ደረጃ በላይ ዜሮ የሆኑትን፣ የለውጥ ለውጣቸው ማብቂያ ያለውን፣ ብቻ ከወሰድን ሌማው ይቆማል፣ የቲዎረምህም አብዛኛው ይተርፋል። ያሳጠርኩት ነገር የለም፣ የደበቅሁትም የለም። ይኸው አራት ገጽ ዛሬ በኢሜይል ለፕሮፌሰርህ ሄዷል። ለሱ ስለ ትዳራችን አንድ ቃል አልጻፍኩም። የጻፍኩት ሌማው የማን እንደሆነና የት ላይ እንደተሳሳትኩ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ነገር ነው የምልህ። ልክ ነው ብለህ ስታምን ስሜን አውጥተህ ነበር። አሁን ስህተት ሆኖ ሳለ ስሜን አስገባ። ማስተካከያው ላይ ብቻ አይደለም፣ ስህተቱም ላይ። ሌላ ሰው በኔ ስህተት አይጠራም፣ አንተም ብትሆን። ተራዬንም ከእንግዲህ ካንተ አልጠብቅም፤ በራሴ ስም አመልክቻለሁ።

አባትህ ዱዓ እያደረጉልህ ነው። አላህ ሐቅ ተናጋሪ ያድርግህ፣ በሰው ፊት አያሳፍርህ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ንዴቴ አልበረደም፣ ዱዓውም እውነት ነው።

የማስተካከያው አምስተኛ መስመር ላይ ያለውን ስብስብ ሲጠይቁህ ቶሎ አትመልስ። ስትቸኩል ነው የምትሳሳተው። በመጀመሪያ ውሃ ጠጣ።

ፈይሩዝ ዓሪፍ