ለአለቃዬ ነገርኳት

እህቴ፣ ጓደኛዬ፣ ምስጢረኛዬ፣

ሾርባሽ ምድጃው ላይ ነው። የልብሱን ባልዲ ንኪውና እንተያያለን! ስመለስ እኔ አጥባለሁ።

«እርጉዝ መሆኔን አምስት ወር ሳይሞላኝ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ» ብለሽኝ ነበር። ሦስቴ ስለጨነገፈብሽ ነው፣ ገብቶኛል። ግን ከትናንት ወዲያ ሐኪሟ የልጅሽን የልብ ምት ስታሰማን፣ ወይኔ፣ እንደ ፈረስ ሲጋልብ! ከዚያ ወዲህ እግሬ መሬት አልነካም። ትናንት ስፌት ቤት የደንበኛ ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፋሁት! አለቃዬ «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» ስትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

ይቅርታ።

ተቆጪኝ፣ ግን መጀመሪያ ብዪ።

አለቃዬ መቀሷን አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «እኔም የወለድኩት አራቴ ጨንግፎብኝ ነው። ፍርሃቱ ሲመጣባት ብቻዋን አትቀመጥ፤ እዚህ ትምጣ፣ አብረን እንፈራለን።»