ከኮምፕረሰሩ ሥር

እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጅሽ ቤት ደረጃ የለም ሲባል ደስ ብሎኛል። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጣቶቼ ብቻ ግራሶ ጠጥተው ሳሙና እንቢ ብለዋል።

ስትሄጂ «ተከራይ ሳይገባ ይህ የባሌ ጋኔን ማሽን ካልሠራ ለብረት ለቃሚው ስጪው» ብለሽኝ ነበር። ሠራ። ትናንት ጫፉ ላይ አየር ራሱ ከቅዝቃዜው ብዛት ፈሳሽ ሆኖ እንደ ውሃ ሲንጠባጠብ አየሁ። ጎረቤትሽ፣ ጡረተኛው መምህር፣ ቢራ ያቀዘቅዝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጠርሙሱን ጭምር ይሰብረዋል ስለው «ታዲያ ምን ይረባል!» ብሎኝ ሄደ።

ያስቸገረኝ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው የሂሊየም ጋዝ ነበር፤ ስሞላው ያመልጣል። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባሁ። ባልሽ ያጠበቀው አንዱም አያፈስም፤ የሚያፈሰው እኔ ያጠበቅሁት ነው። ጋሼ ሞቶም ሥራዬን ያርማል።

የታችኛውን ላጠብቅ ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕረሰር በጎኑ ሳጋድመው ከአራቱ እግሮቹ ሥር ተጣጥፎ የተሰፋ ቀይ ቆዳ አገኘሁ። አንዱ ላይ ዚፑ አለ።

ቦርሳሽ ነው፣ እትዬ። ለሠርግ ተውሳ አጠፋችው ብለሽ እናታችን ፊት ያስማልሽኝ ቦርሳ። ከዚያ ወዲህ እኔ ስመጣ ቁም ሣጥንሽን ትቆልፊያለሽ፤ አሁን እንኳ ቤቱን ለእኔ ትተሽ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ይዘሽው ሄደሻል። ጋሼም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በተጣላን ቁጥር ጠጋ ብሎ «አይዞሽ፣ ትረሳዋለች» ይለኝ ነበር! ምነው እንዲህ ያለ አዛኝ ባይሆንብኝ።

ተናድጄ ቆዳዎቹን አወጣሁና ማሽኑን ያለ እነሱ አስነሳሁት። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ መኝታ ቤትሽ ያለው መስታወት ግድግዳውን ይደበድብ ጀመር። መልሼ አስገባኋቸው። ከዚያ ማሽኑን ሳላጠፋ ሄጄ አልጋሽ ላይ፣ ግድግዳው በኩል ባለው በአንቺ ቦታ፣ ጋደም አልኩ። ከማሽኑ ድምፅ ይልቅ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ።

ትዝ ይልሻል? መጀመሪያ ሰሞን ጋሼን «ወይ ይህ ማሽን ወይ እኔ» ትዪው ነበር። ቦርሳው ከጠፋ በኋላ ግን ዝም አልሽ። ስጠይቅሽ «ለመድኩት» አልሽኝ።

አልለመድሽውም፣ እትዬ።

አሁንም ለብረት ለቃሚው ስጪው ካልሽ እሰጠዋለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። ግን መጀመሪያ ነይና አንድ ቀን እዚህ እደሪ፤ እኔ አስነሳዋለሁ፣ አንቺ ተኚ። ስትመጪ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ አትርሺ።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ።

ቦርሳሽን ያልወሰደችው
ታናሽሽ