ለመተንፈስ ያልወጣው ዓሣ ነባሪ

ለታላቅ ወንድሜ ለኦቲስ፣ ሲያትል፣ የሳንባ ሆስፒታል

ወንድም ዓለም፣ የናፍቆት ሰላምታዬ አልጋህ ድረስ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ሳልህስ እንዴት ነው? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል? ደረትህን ያዳመጡት ሐኪሞች ምን አሉ? እኛ ደህና ነን፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቃተኝ እኔ ብቻ ነኝ። ደግሞ ማን ጻፈለት እንዳትል፤ የማታ ትምህርቴን ጨርሼ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። መምህሯ ከክፍሉ አንደኛ ነህ ብላኛለች። ስንት እንደሆንን አትጠይቀኝ።

እስክትመለስ ድረስ የቆዳው ጀልባ ላይ አንተ ቦታ ተቀምጬ ቦታህን ይዤልህ እንደነበር ታውቃለህ። የጀልባው ባለቤት ሽማግሌው ናጌያክ ግን «ወሬ ለሚቀዝፍ ሰው ቦታ የለኝም» እያለ ለእህቱ ልጅ ሊሰጥብህ ያሰፈስፍ ነበር። በወሩ መጀመሪያ እነዚያን ባለ ረጅም ጥርስ የባሕር አውሬዎች፣ ዋልረሶችን፣ ልናድን ወጣን። በረዶው ጠርዝ ስንደርስ እንደ ልማዳችን መቅዘፊያዬን ውኃ ውስጥ ሰድጄ፣ እጀታውን መንጋጋዬ ላይ አስደግፌ አዳመጥኩ። ጥርሴን ነዘረኝ። አንድ ትልቅ ነገር ሳያቋርጥ እያጉረመረመ ከጀልባችን ሥር ወደ ሰሜን ያልፋል።

«ዓሣ ነባሪ ነው፤ አያቶቻችን ያላዩት ዓይነት» አልኩ። ናጌያክ «በዚህ ወቅት? ደግሞ ጀመረህ» አለኝ። አፌ መቼ ያርፋል፣ «ለመተንፈስ ካልወጣ ከጀልባው አውጡኝ» ብዬ በቦታህ ተወራረድኩ። በረዶ ላይ የተኙትን ዋልረሶች ትተን ተከተልነው። ጦር እንደያዝን ውኃ ውኃውን ስናይ ዋልን። አልወጣም። ባዶ እጃችንን ስንመለስ «ያንተ ዓሣ ነባሪ የሚተነፍሰው ባንተ አፍ ነው» እያሉ ሳቁብኝ፤ ናጌያክም ቦታህን ወሰደው።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ዳር ወርጄ መቅዘፊያ እነክራለሁ፣ ቤት እገባለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ። ሚስትህ ኤዳ «ኦቲስ ሲመጣ የት ሊቀመጥ ነው?» ስትለኝ መቅዘፊያዬን አንስቼ እንደገና ወደ ዳር ወረድኩ።

ባለፈው ሳምንት ሬዲዮው ተናገረ። በአቶሚክ ኃይል የሚሄድ ሰርጓጅ መርከብ ከኛ ደጅ በረዶው ሥር ገብቶ፣ በሰሜን ዋልታ ሥር አልፎ፣ በግሪንላንድ በኩል ወጥቷል አለ። ሆዱ ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች አሉ። በዓለም ላይ ይህን መርከብ በጦር ያሳደደው ወንድምህ ብቻ ነው።

እየሮጥኩ ናጌያክ ቤት ሄድኩ። እሱም ሰምቶ ኖሯል። ጫማውን እየሰፋ፣ ቀና ሳይል፣ «ጆሮህ አልዋሸም፤ የዋሸው አፍህ ነው» አለኝ። «ነገ ጆሮህን ይዘህ ቦታው ላይ ተቀመጥ። አፍህን ቤት ትተኸው ና።» እሺ ብቻ ብዬ ወጣሁ።

ወንድም ዓለም፣ አሁንም የማያስቀምጠኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ቀን አልወጣ ሲል፣ ከበረዶው ሥር ሞቶ ቀርቷል ብዬ ነበር። ሰዎቹ ግን በወዲያኛው በኩል ወጥተው አየር ስበዋል። አንተም ትወጣለህ። ቦታህ ላይ ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ።

እማማ በጸሎት ታስብሃለች። ኤዳ ጓንት ሰፍታልሃለች። ናጌያክ ሰላም በልልኝ ብሏል፤ ፈገግ ብሎ ነበር ብዬ እንዳልጽፍ ከልክሎኛል። ትንሿ ልጅህ ሩት ትናንት መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ ነክራ መንጋጋዋን አስደገፈችና «አባባ ዛሬ አያስልም» አለች። ጆሮዋ የኔ ነው፤ እመናት።

ታናሽ ወንድምህ ሉተር
ባሮው፣ አላስካ፣ ነሐሴ 1958 እ.ኤ.አ.