ባህረዲን የቆላው አፈር

መሳለሚያ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለሀፍሷዬ፣ ቡታጅራ

አሰላሙ አለይኩም። አንቺም፣ ልጃችን ሱፍያንም፣ እናትሽም ደህና ናችሁ? እኔ ከንዴት በስተቀር አልሀምዱሊላህ። ለአረፋ አገር ቤት የሄደው ሁሉ ተመልሶ ሱቁን ከፍቷል። አንቺ ብቻ ቀረሽ። ስደውል እናትሽ «ሶላት ላይ ናት» ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ሶላት አለ እንዴ?

«ልጄን ገላው እያሳከከው ዘይት በጠጣ ግቢ አላሳድግም» ብለሽ ነው የሄድሽው። እሺ፣ ዘይቱ ከየት መጣ? አጽድቼ ከምሸጠው የሞተር ዘይት በርሜል! ከምንበላበት!

አፈሩን እኔው አጸዳዋለሁ አልኩ። በርሜል በእሳት ሳጸዳ የኖርኩ ሰው፣ እሳት ማን ያስተምረኛል? ጋዝ አርከፍክፌ ለኮስኩት። ላዩ ከሰል ሆነ፣ ከስሩ ዘይቱ እንዳለ። ጥቀርሻው እትዬ ባይነሽ ያሰጡት በርበሬ ላይ አረፈ። «አንተ ሙናዊር! በርበሬዬን ኑግ አስመሰልከው!» ብለው ሰፈሩን ቀወጡት።

በማግስቱ ማን ከች አለ? ባህረዲን! ያ ያንቺ መንደር ልጅ፣ ከኔ በፊት ሽማግሌ የላከብሽ። አሁን የተበከለ አፈር የሚያጸዳ ማሽን አለው። ማን ነገረው? አንቺ ነሽ? መልሽልኝ።

«ጋሼ ሙናዊር፣ አፈር አይቃጠልም፣ ይቆላል» አለኝ። ጋሼ! በሁለት ዓመት ነው የምበልጠው።

አፈሩንም፣ ዘይት ስለጠጣ ያፈረስነውን የጭቃ ግድግዳም አድቅቆ፣ የሚሽከረከር ዝግ ብረት ውስጥ ከተተው። እሳቱ ከውጭ ነው። ዘይቱ በሙቀት ይተንና በቱቦ ሄዶ ሌላ ምድጃ ውስጥ ነዶ ያልቃል። በርበሬ አይነካ፣ ሰው አያስል። አንድ እንከን ባገኝ ብዬ ቆሜ ዋልኩ። ምን ያደርጋል! አፈሩ እንደ ሽሮ ደቆ ወጣ። አሸተትኩት፣ ምንም የለውም። ሰፈርተኛው «ማሻአላህ ባህረዲን!» አለ። እኔም ግቢው ዳግም ዘይት እንዳይጠጣ በርሜሎቼን ከግቢ አውጥቼ ሌላ ቦታ ተከራየሁ፤ ለኔ ማንም ማሻአላህ አላለኝም።

ባህረዲንን «ለምን ትለፋለህ?» ብዬ ብጠይቀው «የሀፍሷን ልጅ እንዳያሳክከው» አለኝ። የሀፍሷ ልጅ! አባት የለውም?

አሁን ደግሞ ለእህቱ ኒካህ ቡታጅራ ሊመጣ ነው። «ስመለስ በመኪናዬ ላምጣቸው?» አለ። «የማንን ሚስት ነው የምታመጣው?» ብዬ ጮህኩበት። ኋላ ሳስበው፣ ሱፍያንን አውቶቡስ ያስታውከዋል። እኔ ብመጣም እንቢ ትይኝ ይሆናል። ሄጄ «እሺ፣ አምጣቸው» አልኩት።

አንቺ ግን ከኋላ ቁጭ በይ። እናትሽንም ይዘሻቸው ነይ፤ ከፊት እሳቸው ይቀመጡ።

አላህ መንገዱን ያሳጥርላችሁ።

ባልሽ ሙናዊር