የአጃቢዋ መሳፈሪያ

ሰኞ
ዛሬም ደም አየሁ። ትንሽ ነው። ግን የወር አበባዬ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ትንሹም ሊኖር አይገባም ነበር። ልጄ ማዕዛ ከዩኒቨርሲቲ ሳትመለስ ልብሴን አጥቤ ከፎጣ ሥር አሰጣሁት። የኤች አይ ቪ መድኃኒቴን ከእሷ ደብቄ አላውቅም። ይህን ግን መናገር አቃተኝ።

ማክሰኞ
እራት ላይ ስለ ዩኒቨርሲቲ ጥናቷ አወራች። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሴቶች በየዓመቱ ወይስ በየተወሰነ ዓመቱ ለማህፀን በር ካንሰር ቢመረመሩ ይሻላል? ወጪው ስንት ነው? የስንቷ ሕይወት ይተርፋል? ይህን በኮምፒውተር ታሰላለች።
«አሮጊቶቹስ?» አልኳት።
«እነሱን አላስገባሁም፣ እማዬ። ስሌቱ ይንዛዛል።»
የዓሣውን አጥንት መልቀሟን ቀጠለች። እኔ የቀረኝን ወደ እሷ ሳህን ገፋሁት።

ረቡዕ
የሒሳብ መምህርት ስለነበርኩ የጥናት ወረቀቷን እንዳርምላት ሰጠችኝ። የወጪው ዝርዝር፦ የነርስ ደመወዝ፣ ጓንት፣ ለምርመራው የማህፀን በር ላይ የሚቀባ ኮምጣጤ፣ ከካምባ ገጠር እስከ አርባ ምንጭ የአንዲት ሴት መሳፈሪያ።
የአንዲት? የካምባ ሴት ለእንዲህ ያለ ነገር ብቻዋን መኪና ላይ አትወጣም። እህቷን ወይም ምራቷን ታስከትላለች። የሚከተላት ካጣች ትቀራለች። በቀይ ከበብኩት።
ደሙ ዛሬ ጨመረ።

ሐሙስ
«በቀይ እስክሪብቶ? ተማሪሽ መሰልኩሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች።
ስለ አጃቢዋ አስረዳኋት። እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ «አንቺ ብትሆኚ ማንን ይዘሽ ትሄጂ ነበር?» አለችኝ።
«እኔ ስሌትሽ ውስጥ የለሁም» አልኩ።
ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ ስለ ደሙ ነገርኳት። ኮምፒውተሩን ዘጋችው።
«ከመቼ ጀምሮ?»
መልሼላት ሳልጨርስ ነጠላዋን አነሳች። ሐኪም ቤቱ በዚህ ሰዓት ተዘግቷል ብዬ አስቀመጥኳት። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

ዓርብ
ዛሬ ሄድን። ሐኪሟ የማዕዛ እኩያ ትሆናለች።
«እማማ፣ ደም ከታየ ዕድሜ አይጠየቅም። ወዲያው ነው የሚመጣው» አለችኝ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። የመመርመሪያው ብረት ቀዝቃዛ ነው። ማዕዛ እጄን ይዛ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ሐኪሟ ናሙና ወሰደች። ምን እንዳየች ጠየቅኳት፤ «ውጤቱን እንጠብቅ» ብቻ አለች። ይህን አነጋገር አልወደድኩትም።
ወደ ሰፈራችን ወደ ሴቻ በሚኒባስ ተመለስን። ሚኒባሱ ውስጥ ቦርሳዬን ስከፍት ማዕዛ ቀደመችኝ።
«የሁለት ሰው» ብላ ከፈለች።